ሩጫው የታለ

አከራዬ የልጃቸውን ፎቶ በደህናው እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አራቁት። እንደገና አስጠጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ቆማ እኮ ነው ያለችው።»

«አዎ ጋሼ፣ ሜዳሊያ ስትቀበል ነው።»

«ቆማማ እዚህ ቤት በየቀኑ አያታለሁ። ሩጫው የታለ?»

ሁለተኛውን ፎቶ ሰጠኋቸው። በዚህኛው ልጃቸው በእርግጥ እየሮጠች ነበር፤ ነገር ግን ቢጫ ማሊያዋ ውሃ እንደነካው ቀለም ተዘርግቷል፣ ፊቷ ከኋላዋ ካለው አጥር ጋር ተቀላቅሏል። ጋሼ ብዙ አዩት። «ይሄ ደግሞ ንፋስ ነው» አሉና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። ባለቤታቸው በሩ አጠገብ ቆመው ሳቃቸውን ዋጡ።

ጋሼ አስተማሪ ነበሩ። ልጅቷ ሩጫ ስትጀምር «አንድ ቀን መጥቼ አይሻለሁ» ይሏት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እህል ሲሰበሰብ፣ ዝናቡ ሲያባራ። ከዚያ ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሜዳው ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱ ቁልቁለትና ጭቃ ነው፣ ባጃጅ ያንገጫግጫቸዋል፣ በሰው ትከሻ መሄዱን ደግሞ አይፈልጉም። «ያስተማርኳቸው ልጆች ፊት እንደ ጆንያ ተሸክማችሁ አታወጡኝም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። አሁን ደግሞ ልጅቷን አዲስ አበባ ያለ ክለብ ሊወስዳት ነው። ከመሄዷ በፊት እዚህ የምትሮጠው አንድ ውድድር ብቻ ቀርቷል። አባቷ ስትሮጥ የሚያዩበት መንገድ የእኔ ፎቶ ብቻ ነበር፣ የእኔ ፎቶ ደግሞ ወይ ቆማ ነው ወይ ንፋስ።

ሆሳዕና የመጣሁት ለሥራ ተመድቤ ነው። ያደግሁት ወረኢሉ ነው። እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ፦ ስብሰባ፣ ምረቃ፣ ችግኝ ተከላ፣ የእንግዳ አቀባበል። በእኔ ሥራ ሰው ሁሉ ወይ ተቀምጧል ወይ ቆሟል። የመሥሪያ ቤቱ ካሜራም ለተቀመጠና ለቆመ ሰው ብቻ የሚሆን ነበር። ቁልፉን ስጫነው መጀመሪያ ትንሽ ያስባል፤ እሱ አስቦ እስኪጨርስ ሯጯ አልፋ ሄዳለች።

የግቢው ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እነሱ የወንጌል አማኞች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሆኖም ረቡዕና ዓርብን ከእኔ በላይ የሚያስታውሱልኝ እማማ፣ የጋሼ ባለቤት ናቸው። ቅቤ ያልነካው ጎመን በትንሽ ሳህን ለብቻ ያስቀምጡና «ያንቺ ይሄ ነው» ይሉኛል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ እኔ ከትንሿ ሳህን እበላለሁ። ጥፋት የማንም አይደለም። ጾሙ የእኔ ነው፣ ደግነቱ የእነሱ፤ ሳህኗ ግን ትንሽ ናት።

ደግሞ እኔ ወደ ግቢው ስገባ ነገር ሁሉ ይቆማል። ሴቶቹ ጓሮ በኩል እንሰት እየፋቁ በሀዲይኛ ሲሳሳቁ ከመንገድ ጀምሮ ይሰማኛል። የቆርቆሮውን በር ስከፍት ከተቀመጡበት ይነሳሉ፣ እጃቸውን ይጠርጋሉ፣ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። «እንዴት ዋልሽ? ሥራ እንዴት ነው? እናትሽ ደውለው ነበር?» ቋንቋውን ለእኔ ብለው ይለውጡታል፤ ሳቁ ግን አብሮ አይሻገርም። ክብር ነው፣ አውቃለሁ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ሳቁ ካቆመበት ሲቀጥል እሰማዋለሁ።

እናቴ ስትደውል ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ሰው አለሽ?»

«ሞልቶኛል እማዬ።»

ውሸት አይደለም። ሰው ሞልቷል፤ ሲያየኝ የሚነሳልኝ ሰው።

አዲስ ካሜራ ይገዛ የተባለው አለቃዬ የለጠፍነውን የእግር ኳስ ፎቶ አይተው ከተናደዱ በኋላ ነው። «ይሄ ኳስ ነው እንቁላል?» አሉኝ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር አድርገው። «ሰው ምን ብሎ እንደጻፈ አንብቢ! ‹እንቁላሉ እንዳይሰበር› ይላል።» ከዚያ ለዘብ አሉ። «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ሄደሽ ምረጪ። ለስፖርት የሚሆን። የሚሮጥ ሰው የሚይዝ።»

መናኸሪያው አካባቢ ስልክም፣ ጄኔሬተርም፣ ካሜራም የሚሸጡ አንድ የጉራጌ ነጋዴ አሉ። ስገባ ሁለት ካሜራ አውጥተው መስታወቱ ላይ ደረደሩ፤ አንዱ አብረቅራቂ አዲስ፣ አንዱ ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ትንሽ ቆየት ያለ ሞዴል።

«አዲሱን ውሰጂ እህቴ። ሜጋፒክስሉን ብነግርሽ ትደነግጫለሽ።»

«ሜጋፒክስሉን ይተዉልኝ። በአንድ ጊዜ ተከታትሎ ያነሳል ወይ? የሚሮጥ ሰው ሲመጣ ፎከሱ ይከተላል?»

«አዲሱ ለሠርግ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጥቁሩ ግን ይከተላል፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚከተለው፣ ወላሂ!»

ማንበብ ስለምወድ ከመሄዴ በፊት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበር። የሚሮጥን ሰው ለመያዝ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ፈጥኖ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ማንበብ ግን ማየት አይደለምና ጥቁሩን ይዤ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ቁልቁል እየበረረ መጣ። አነጣጠርኩ። ካሜራው ተከታትሎ ቀጭ ቀጭ አለ። ባጃጁም በፍሬን እየጮኸ ፊቴ ቆመ።

«ኧረ እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ። «ትርፍ አልጫንኩም! አራተኛዋ ዘመዴ ናት!»

«ማን ናት ዘመድህ?» አለች ከኋላ የተጨናነቀች ሴት።

ነጋዴው በሳቅ ሞቱ። «ሂድ ወንድሜ፣ ካሜራ እየሞከረች ነው!»

«እንደሱ ከሆነማ ልውረድና በደንብ ልነሳ» አለና ኮሌታውን አስተካከለ።

ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ካሜራዬን አይቶ የሚቆም ሰው ሜዳውም ላይ እንደሚጠብቀኝ መች አወቅሁ።

ጥቁሩን መረጥኩ። አስቸጋሪው ሌንሱ ነበር፣ የምንገዛው አንዱን ብቻ ነውና። ነጋዴው ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው። «ይሄ አጭሩ ሰፊ ዓይን አለው፣ በደመና ቀንም አጥርቶ ያያል፤ ግን ካልቀረብሽ አይሆንም። ረጅሙ ከሜዳው ማዶ ተቀምጠሽ የሯጯን ላብ ያሳይሻል፤ ግን ብርሃን ይበላል። ሁለቱንም ውሰጂና ሞክሪ፣ ሰኞ አንዱን መልሺልኝ። ላንቺ ሆኖ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

በማግስቱ ማለዳ አጭሩን ይዤ ልጅቷ የምትለማመድበት ሜዳ ሄድኩ። ሣሩ ጤዛ ነበረበት፤ ከጥግ በኩል ላሞች ይግጣሉ። መታጠፊያው ላይ ተንበረከኩ። እሷ ከፊት፣ ጓደኞቿ ከኋላዋ ሆነው መጡ። ቀረበች። በካሜራው ውስጥ ፊቷ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጣ፤ ከዚያ መስፋቱን አቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። ልጅቷ ሩጫውን አቁማ፣ ማሊያዋን ወደ ታች ስባ፣ በሁለት እጇ እጄን ይዛ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ?»

ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ እየደረሱ ቆሙ፣ ተሰለፉ፣ ተራ በተራ ጨበጡኝ።

አሠልጣኙ ከማዶ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «ምንድን ነው? ለቅሶ ነው እንዴ የምትደርሱት?»

«ለምን ቆምሽ?» አልኳት።

«እንዴ እትዬ! መንገድ ዳር ተንበርክከሽ እያየሁ፣ ሰላም ሳልልሽ ላልፍ ነው? አባባ ቢሰማ ምን ይለኛል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ሁልጊዜ ስታነሺኝ ‹አትንቀሳቀሺ› አይደል የምትይኝ?»

አንዷ ጓደኛዋ ጣልቃ ገባች። «እኔ ደግሞ ዓይኔ እንዳይጨፈን ብዬ ነው የቆምኩት።»

እንደገና ይሞከር ተባለ። በሁለተኛው ዙር አልቆመችም፤ ግን እኔ ጋ ስትደርስ አንገቷን አዙራ፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ፈገግታዋን እንደ ሻማ ሳይጠፋባት ይዛ አለፈች። እግሯ ወደ ፊት፣ ፊቷ ወደ እኔ። ያም ሩጫ አይደለም።

አጭሩን ሌንስ ከረጢቱ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት። ለእኔ የሚሆነው ረጅሙ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሳይነሱልኝ፣ ሳያስተካክሉልኝ፣ ሳይጨብጡኝ፣ ከሩቅ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ረጅሙን ልለማመድበት ብዬ ክፍሌ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ጓሮ ነበሩ። መግባቴን አላዩም። በሌንሱ ሳያቸው አጠገባቸው የተቀመጥኩ ያህል ሆነ፤ የእማማ እጅ ላይ የተጣበቀው የእንሰት ቃጫ ሳይቀር ይታያል። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴት ተነሳች። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች። ቀሚሷን በሁለት ጣት ከፍ አድርጋ፣ የሌለ ጭቃ ላይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለች ሄደች። ቆመች። አማተበች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ እንደገና አማተበች፣ ከዚያ መንገድ ተሻገረች። እማማ ሳቃቸው አፍኗቸው ደረታቸውን ያዙ። አጠገባቸው የነበረችው ሯጯ ልጃቸው መሬት ላይ ተንከባለለች።

እኔ ነበርኩ። ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ የማልፈው እንደዚያ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሴትዮዋ ስትቀመጥ በፍቅር ራሷን እየነቀነቀች ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ብጫነው ኖሮ ከእጄ የወጣ ምርጥ ፎቶ ይሆን ነበር፤ ሁሉም በእንቅስቃሴ ላይ፣ ሁሉም በሳቅ። አልተጫንኩትም። ሰውን ሳያውቅ ማየት ከጓዳ እንደመስረቅ ሆነብኝና ሌንሱን ከደንኩ። ግን አየሁ። ለካ በዚያ ግቢ ሳቅ ውስጥ እኔም ነበርኩ። በሌለሁበት።

ቅዳሜ ጠዋት ኪዳን አድርሼ በቀጥታ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ከጊምቢቹም፣ ከሞርሲቶም፣ ከአንጋጫም ሯጮች መጥተዋል። ፀሐዩ ጥሩ ስለነበረ ረጅሙን ሌንስ ከማዶው ጥግ ተክዬ የወንዶቹን ሩጫ አነሳሁ። ነጋዴው እውነታቸውን ነበር፤ የሯጮቹ ላብ እንኳ ይታያል። ማንም አላየኝም። ማንም ሰላም አላለኝም። ሥራው እንዲህ ሊሆን ነው ብዬ ልቤን አደላደልኩ።

የሴቶቹ ተራ ሲደርስ ደመናው ከአምበሪቾ ተራራ በኩል መጣ። የሆሳዕናን ደመና የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀትር ሆኖ መብራት ያስበራል። ለሙከራ ሲያሟሙቁ አነሳኋቸው፤ ጥቁር ሆነ። ሹተሩን አዘገየሁት፤ ንፋስ ሆነ። የካሜራውን ብርሃን የመሳብ ኃይል ከፍ አደረግሁት፤ በልጅቷ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለ። ረጅሙ ሌንስ ብርሃኑን በልቶ ጨረሰ። ከሩቅ ሆኖ መሥራት ለዛሬ አበቃ።

ከረጢቴን አንስቼ ልጅቷ ወደምትዘረጋጋበት ሮጥኩ።

«ዛሬ ሰላም እንዳትይኝ» አልኳት።

«እንዴ እትዬ፣ ተጣላን እንዴ?»

«አልተጣላንም። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ከመሮጫው አጠገብ ታገኚኛለሽ። አትቁሚ። አትሳቂ። አትዪኝ። እንደ ድንጋይ እለፊኝ።»

«እንዴት አድርጌ ነው እንደ ድንጋይ የማልፍሽ? ነውር አይደለም?»

«ነውሩ በእኔ ይሁን። ለአባትሽ ስትዪ።»

የጫማዋን ክር ፈታ መልሳ አሰረች። «እሺ። ስጨርስ ግን ተመልሼ እስምሻለሁ።»

«ስትጨርሺ እሺ።»

ካፊያ ጀምሮ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ ካሜራው ላይ ጣልኩና ጭቃው ውስጥ በጉልበቴ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሴን ሳልሰበስብ። ስለ ፎቶ መጸለይ ያሳፍራል። ግን ጸለይኩ፤ አጭር ነበር።

በመጨረሻው ዙር ከጊምቢቹ የመጣች ሯጭ ከፊት፣ የእኛዋ በክንድ ርቀት ከኋላ ሆነው መጡ። በካሜራው ውስጥ ያየሁትን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አንድ ግቢ እየኖርን፣ በየቀኑ ሰላም እያለችኝ፣ አይቼው አላውቅም። ቅንድቧ ተገናኝቷል፣ የታችኛው ጥርሷ ወጥቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ጨዋነት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጣቴን ጫንኩ፣ ካሜራው ተከታትሎ ቀጭ ቀጭ አለ። ፊቷ ሰፋ፣ ሰፋ፣ አልቆመም፤ ጭቃው ሌንሱ ላይና አፌ ላይ ተረጨ፣ አለፈች።

እንደ ድንጋይ አለፈችኝ። የለመንኳት እኔ ነኝ። ሆኖም እዚያው ተንበርክኬ ጀርባዋን ሳይ፣ እንዲያ መታለፍ ቀላል አልሆነልኝም።

ሁለተኛ ወጣች። ሰው ከበባት፤ ተመልሳ ልትስመኝ ስትዞር አየኋት፣ ከዚያ ከሰው መካከል አጣኋት። እኔም ካሜራውን በነጠላዬ ጠቅልዬ በዝናቡ ወደ ፎቶ ቤት ወጣሁ።

ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ ወደ ጋሼ ክፍል ስገባ ገና ብርሃን ነበር። ልጅቷ ቀድማኝ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እማማና ያቺ ጎረቤታችንም አሉ። እንደ ልማዳቸው ሊነሱ ሲሉ ፎቶውን ለጋሼ ሰጠሁና ሁሉም በዚያ ዞሩ።

ጋሼ ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አላራቁትም። ሁለቱም እግሮቿ ከመሬት ተነስተዋል፤ አንድ የጭቃ ፍንጣቂ ጉልበቷ አጠገብ አየር ላይ ቆሟል።

«እ!» አሉ። «አሁን ሮጠች።»

ደህናው ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላቸው ሲጠጉ በክርናቸው ከለከሏቸው።

«አንቺስ ልጄ፣ የት ነበርሽ?»

ከፎቶው ጠርዝ ውጪ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ጣቴን አኖርኩ። «እዚህ ጋ፣ ጋሼ። ጭቃው ውስጥ።»

የፎቶውን ጠርዝ አዩ፣ ጣቴን አዩ፣ ቀሚሴን አዩ። አስተማሪው ተመለሰባቸው። «አልፋሽ ሄደች? ተንበርክከሽ እያየችሽ? ሰላም ሳትልሽ?»

እኔ ልመልስ ስል ወደ ልጃቸው ዞረው በሀዲይኛ ተቆጡ። እሷም በሀዲይኛ መለሰች። ከዚያ ተነሳች። የሌለ ነጠላ ከራሷ ላይ አውልቃ የሌለ ካሜራ ሸፈነችበት። ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አማተበች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ስታነጣጥር ቆየች፤ በመጨረሻ ጭቃ አፏ ውስጥ እንደገባባት ሁሉ ምራቋን ቱፍ፣ ቱፍ አለች። ጎረቤታችን እጇን አጨበጨበች። እማማ ደረታቸውን ያዙ። ጋሼ በሚታዘዝላቸው ግማሽ አፋቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። እንደወትሮው እስኪያቆሙ ጠበቅሁ። አላቆሙም። ወደ አማርኛ የዞረም አልነበረም። ካሜራው ጭኔ ላይ ነበር፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለአጭሩ ሌንስ ይበቃዋል። አላነሳሁትም።

ሰኞ ረጅሙን ሌንስ ለነጋዴው መለስኩ። «ወላሂ ተሳስተሻል፣ ከሩቅ እኮ ነበር የሚያቀርብልሽ» አሉ። በጾም ቀን ራቴን የምበላው አሁንም ከትንሿ ሳህን ነው፤ ልጅቷም ሄዳለች፤ ግቢው ከእሷ በኋላ ጭር ብሏል። በስልክ «እትዬ፣ እዚህ ማንም ሰላም አይለኝም» አለችኝ። «ሩጪ» አልኳት።

ፎቶዋ ከጋሼ አልጋ ትይዩ ተሰቅሏል። ከሥራ ስገባ ሴቶቹ አሁንም ሊነሱልኝ እጃቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼ ግን የበሩ ድምፅ ሲሰማቸው ከመስኮታቸው ሆነው በሀዲይኛ አንድ ነገር ይሏቸዋል። ያችን ያህል መስማት ችያለሁ። «ተቀመጡ፣ እሷ ናት እኮ» ነው የሚሏቸው።